የጀርባውን መንገድ የቆጠረችው እትዬ መዝገብ

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ፋይል ከለከለችኝ።

ማዘጋጃ ቤቱ ፕላን ክፍል ከተቀጠርኩ ገና ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ኃላፊያችን የመሀል ከተማውን የድሮ ፕላን አምጪ ብሎኝ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። በሩ ላይ «መዝገብ ቤት» የሚል ቀለሙ የተላጠ ጽሑፍ አለ። እስከ ጣሪያው በተደረደሩት መደርደሪያዎች መሀል አንዲት ቀጠን ያለች ሴት መሰላል ላይ ቆማ በእርጥብ ጨርቅ የፋይል ጀርባ ትወለውላለች።

«እንደምን አደሩ፤ የመሀል ከተማውን ፕላን ፈልጌ ነበር» አልኳት።

«የመጠየቂያ ቅጹስ?»

«ኃላፊው ቶሎ በይ ስላሉኝ ነው…»

«ልጄ፣ ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ። ቅጹን ሞልተሽ ነይ።»

በሆዴ እየረገምኳት ወጥቼ፣ ሞልቼ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ፋይሉን በሁለት እጇ ይዛ ሰጠችኝ። በማግስቱ ስመልስላት ደግሞ አንዲት ቁራጭ ወረቀት እጄ ላይ አኖረች። ቁልጭ ባለ የእጅ ጽሑፍ «ፋይሉን በሰዓቱና በንጽሕና ስለመለሱ እናመሰግናለን፤ መዝገብ ቤት» ይላል። የምትቀልድ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። አልቀለደችም። ፋይል በሰዓቱ ለመለሰ ሁሉ እንዲህ ትጽፍ ነበር። ከንቲባውም እንዲህ ያለ ወረቀት አላቸው ይባላል፤ በስምንት ዓመት ሁለት ብቻ።

«እርስዎ» ስላት ትንሽ ታግሳ «አንቺ በይኝ፤ እርስዎ ያስረጀኛል» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እንደ ሌላው ሠራተኛ እኔም እትዬ መዝገብ እላት ጀመር።

እትዬ መዝገብ እዚያ ምድር ቤት የገባችው በጸሐፊነት አይደለም። እናቷ ስትሞት እሷ አሥራ ስድስት፣ ታናሽ ወንድሟ ሰባት ዓመቱ ነበር። ዘመድ መክሮ ዘክሮ ልጁን አንዱ አጎት ዘንድ፣ እሷን ሌላው ዘንድ ለማድረግ ተስማማ። እሷ አልተስማማችም። ማዘጋጃ ቤት በጽዳት ተቀጠረች፤ ልጁን ጠዋት ትምህርት ቤት አድርሳ መጥረጊያዋን ታነሳለች፤ ሲለቀቅ ይመጣና መዝገብ ቤቱ ጥግ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። በዚያ ዘመን የመዝገብ ቤቱ ሹም የነበሩ አንድ ሽማግሌ የልጁን የቤት ሥራ ሲያዩለት፣ እሷም መጥረጊያዋን ተደግፋ አብራ ትሰማ ነበር። አንድ ቀን «አንቺ ሴት፣ ከወንድምሽ ቀድመሽ ትመልሻለሽ፤ ለምን አትማሪም?» አሏት። የማታ ትምህርት አስመዘገቧት። ስትጨርስ ደግሞ ራሳቸው ደብዳቤ ጽፈው ከጽዳት ወደ መዝገብ ቤት አዛወሯት።

ስለ ሽማግሌው ስታወራ ድምጿ ይለሰልሳል። «እኚያ ሰው ያስተማሩኝ ፋይል በፊደል መደርደር ብቻ መሰለሽ? ወረቀት የሰው አደራ ነው ይሉ ነበር። አንዲት መበለት ከሃያ ዓመት በኋላ የቤቷን ካርታ ፍለጋ ስትመጣ የለም ብለሽ ከመለስሻት፣ ቤቷን ያፈረስሻት አንቺ ነሽ። እሳቸው ባይኖሩ እኔ ዛሬም ደረጃ ጠራጊ ነበርኩ፤ ጠራጊ መሆን ነውር ኖሮበት አይደለም፣ ጉልበቴ አይችለውም ነበር።»

በወጣትነቷ አንድ ሰው ሊያገባት ጠይቆ ነበር። ቀለበት እስከማሰር ደርሰው፣ ልጁ አጎቱ ጋ ይሂድ የሚል ነገር አመጣ። ቀለበቱን በፖስታ አሽጋ፣ ላዩ ላይ ስሙን ጽፋ ላከችለት። «አልቆጨኝም» ትላለች። «ደኅና ሰው ነበር፤ ብቻ ለሦስት ሰው የሚሆን ልብ አልነበረውም።» ወንድሟ አድጎ ጫማ ጠጋኝ ሆነ፤ አግብቶ ሦስት ልጆች ወልዷል። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት ዓመት ሲቀረው እንኳ እሷ የምትጠራው «ጎረምሳው» ብላ ነው። እሱ ደግሞ «እታለም» ይላታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ያረጁ የከተማ ማዕከላትን መልሶ ለማልማት የተቋቋመ አንድ ፈንድ ነበር። ከተሞች ማመልከቻ ያስገባሉ፣ ይወዳደራሉ፣ ያሸነፈ ይሠራለታል። የኛ ማዘጋጃ ቤት እኔ ከመቀጠሬ በፊት አንድ ጊዜ ተወዳድሮ ወድቋል። ያቀረበው የኃላፊያችንን ንድፍ ነበር፤ አደባባዩ እንዲሰፋ፣ መሀሉ ላይ ፏፏቴ፣ ዙሪያውን መብራት። ሥዕሉ በእውነት ያምራል። ከፈንዱ የመጣው መልስ ግን ሁለት መስመር ብቻ ነበር፦ «በቦታው ማን እንደሚጠቀም፣ ስንት ሰው እንደሚተላለፍ አላሳያችሁም።»

በሁለተኛው ዙር ማመልከቻውን የማዘጋጀት ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። የቀረን ጊዜ ሰባት ሳምንት ነበር። ሰው መቁጠር አለብን ስል ኃላፊያችን «እሺ ቁጠሪ» አለኝ። በማን? በጀት የለም፤ የክፍሉ ሠራተኛ አራት ሰው ነው፤ ሁለቱ በቅየሳ ከከተማ ወጥተዋል። ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ።

ይኼን ምሬቴን መዝገብ ቤት ወርጄ ስዘረግፍ እትዬ መዝገብ ሻይዋን አስቀምጣ ሰማችኝ።

«ዓመት ፈቃዴ አልተነካም» አለች።

«እና ምን ይሁን?»

«እና ቁጭ ብዬ እቆጥርልሻለኋ። መቁጠር የኔ ሥራ አይደል?»

«እትዬ፣ ፈቃድሽን በመንገድ ዳር ልትጨርሺው?»

«ቤቴ ተቀምጬስ ማንን እቆጥራለሁ? ግድግዳውን?»

ሦስት ቦታ መረጥን፦ አደባባዩ፣ ዋናው መንገድ፣ እና የጀርባው መንገድ። የጀርባው መንገድ በዋናው መንገድ ሱቆች ጓሮ በኩል ከአውቶቡስ ተራው እስከ ሆስፒታሉ የሚያደርስ ጠባብ መተላለፊያ ነው። አንድ ጎኑን ክፍት ቦይ ይዞታል። በቦዩ ላይ ሳንቃ ተረብርቦ አሥራ አንድ የቆርቆሮ ሱቆች ተሠርተዋል፤ ልብስ ሰፊ፣ ሰዓት ሠሪ፣ ቁልፍ ቀራጭ፣ ጫማ ጠጋኝ። ከነሱ አንዱ የእትዬ መዝገብ ወንድም ነው። ይህ መንገድ በማዘጋጃ ቤቱ ፕላን ላይ ስም እንኳ የለውም። እኔም ያከልኩት ሦስት ለመሙላት ያህል ነበር።

እትዬ መዝገብ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተራ በተራ ሦስቱም ቦታ ተቀመጠች። ከጧቱ አንድ ሰዓት በርጩማዋን ይዛ ትመጣለች፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትቆያለች። ምሳ ሰዓት ላይ እኔ እተካታለሁ። አራት ጭረት፣ አምስተኛውን አግድም፤ አራት ጭረት፣ አምስተኛውን አግድም። አላፊ አግዳሚው ጉድ አለ። አንዱ «እትዬ፣ እኔን ስንተኛ አድርገሽ ቆጠርሽኝ?» ይላታል። «አንተን እንደ ግማሽ ነው የያዝኩህ፤ ግማሽህ ገና አልነቃም» ትለዋለች። ሌላው ግብር ሊጣልብን ነው ብሎ በሩቁ ዞሮ ይሄዳል። እሷ ደግሞ ዞሮ የሄደውንም ጭምር ትመዘግባለች።

ወረቀቶቹን ስሰበስብ ከጭረቶቹ ጎን ማስታወሻ አየሁ። ማንም አላዘዛትም። «ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሳንቃው ስለሚወዛወዝ ፈርታ ቆመች፤ ቁልፍ ቀራጩ እጇን ይዞ አሻገራት።» «አራት ሰዓት፣ ሽማግሌ፣ የራጅ ፖስታ ይዘዋል፣ የሚቀመጡበት አጥተው ግድግዳ ተደገፉ።» «ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ዝናብ። ቦዩ ሞልቶ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ሰው ጫማውን እያወለቀ አለፈ። ሃያ ሁለት።»

ውጤቱን ስደምር እኔም ደነገጥኩ። በአንድ የሥራ ቀን በአማካይ በአደባባዩ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሰው፣ በዋናው መንገድ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ፣ በጀርባው መንገድ አራት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት። ከተማው በሙሉ የሚሄደው እኛ ስም ባልሰጠነው መንገድ ነበር።

ኃላፊያችን ወረቀቱን አገላበጠው። ከዚያ በአንድ ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ እትዬ መዝገብን አስጠራት።

«እርስዎ ወንድም አለዎት አይደል? የሚሠራውስ የት ነው?»

«የጀርባው መንገድ ላይ» አለች።

«እንግዲህ» አለና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ሥጋ ዘመድ ያለበት ቆጠራ አይታመንም። ይኼን ይዤ ብቀርብ መሳቂያ ነው የምሆነው።»

እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩላትም፤ እስከ ዛሬ ይኼ ያሳፍረኛል። እትዬ መዝገብ ግን ፊቷ እንኳ አልተለወጠም።

«እውነትዎን ነው» አለችው። «እኔም በርስዎ ቦታ ብሆን እጠረጥር ነበር። እንግዲያው እዚያ መንገድ ላይ ዘመድ የሌለው ሰው ይቁጠር። የውሃ ክፍል ሁለቱ ቆጣሪ አንባቢዎች ለከተማው አዲስ ናቸው። እነሱ ይቁጠሩ፤ እኔ አልደርስባቸውም።»

ኃላፊያችን እሺ አለ። ሁለቱ ሰዎች ሦስት ቀን ቆጠሩ። ያመጡት አማካይ አራት ሺህ ሰባት መቶ ሠላሳ አንድ ነበር። ከሷ በአንድ መቶ አሥራ ዘጠኝ ይበልጣል።

«ይኼስ እንዴት ሆነ?» አለ ኃላፊያችን። «አሳንሰው ነው የቆጠሩት?»

እትዬ መዝገብ ከቦርሳዋ ሌላ ወረቀት አወጣች። ከላይ «ወንድሜ ደጅ» ይላል። «እሱ ዘንድ የቆመውን ሰው ሁሉ ለብቻ ነው የያዝኩት፤ ከድምሩ አላስገባሁትም። በቀን በአማካይ ሰማንያ ስምንት ነው፤ ሲያወራ ስለሚውል ወዳጁ ብዙ ነው። የቀረው ሠላሳ አንድ ሰው፣ አንድ አውቶቡስ ቢዘገይ ወይ ቢቀድም የሚሞላው ነው።»

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበረም። ያን ፏፏቴ ለሦስት ዓመት በልቡ ይዞ ኖሯል፤ ሰው የወደደውን ነገር ከእጁ ሲወስዱበት መጀመሪያ የሚያደርገው መጠራጠር ነው። ተነሳና በሁሉም ፊት «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በድያለሁ» አላት። ከዚያ የፏፏቴውን ሥዕል ጠቅልሎ አቀበላት። «ይኼን መዝገብ ቤት ያስቀምጡልኝ።»

«በቁጥር ነው የማስቀምጠው» አለችው። «ቀን ሲወጣለት ቅጽ ሞልተው ይወስዱታል።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኃላፊያችን ከእኔ በላይ ሠራ። የጀርባውን መንገድ እጥፍ ስፋት፣ ቦዩን በኮንክሪት ክዳን፣ ጥላ፣ መቀመጫ፣ የሕዝብ መጸዳጃ አድርጎ ነደፈው። ሥዕሉ ሲያልቅ ግን አንድ ነገር ፈጦ ወጣ። ቦዩ እንዲከደን ከላዩ ያሉት አሥራ አንድ ሱቆች መነሳት አለባቸው፤ ሲያልቅም እዚያው የሚመለስ የለም። ምትክ ቦታ የሚሰጣቸው በመንገዱ ሁለት ጫፍ ነው፤ ያውም ከነበራቸው የሚያንስ።

ለወንድሟ ያደላች የተባለችው ሴት፣ ቆጠራዋ የወንድሟን ሱቅ ሊያስነሳ ነው።

ለሱቆቹ ባለቤቶች እኛ ሄደን ከመንገራችን በፊት እትዬ መዝገብ «እኔ ራሴ ለወንድሜ ልንገረው» ብላ ጠየቀች። አብሬያት ሄድኩ። ጫማ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በወስፌ እየወጋ ነበር። ነገሩን ሳታስጌጥ ነገረችው። ወስፌውን አስቀመጠ።

«እታለም፣ እንግዲህ ያን ሰሞን ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ የቆጠርሽው የኔን መነሻ ነው?»

«አላወቅኩም ነበር። ባውቅም ግን ያንኑ ነበር የምቆጥረው።»

«ይኼን አላጣሁትም» አለና ጫማውን መልሶ አነሳ። ከዚያ በላይ አላናገራትም። ሁለት ቀን ስልኳን አላነሳም። በነዚያ ሁለት ቀናት እትዬ መዝገብ መሰላል ላይ ስትወጣ አየኋት፣ ስትወርድ አየኋት፤ አንዲት ፋይል አልነካችም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንድሟ ራሱ ምድር ቤት መጣ። በእጁ አንድ የደብተር ገጽ ይዟል፤ አሥራ አንድ ፊርማ አለበት።

«ተቀምጠን ተነጋገርን» አለ እኔን እያየ። «ሰዓት ሠሪው አስቸግሮን ነበር። እኔ ግን እንዲህ አልኳቸው። ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ጫማ ስሰፋ፣ ግማሹን የሚያስቀድደው ይኼው መንገድ ነው። መንገዱ ቢስተካከል ሥራ ይቀንስብሃል ያለኝ ነበር፤ ሰው ጫማ ማድረግ አይተውም አልኩት። ብቻ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንድ፣ ሥራው እስኪያልቅ አውቶቡስ ተራው ጎን ያለው ባዶ መጋዘን ይሰጠን። ሁለት፣ የትኛው ምትክ ቦታ ለማን እንደሚደርስ በዕጣ ይሁን፤ ማንም ለማንም አያድላ።» ከዚያ ወደ እህቱ ዞሮ «አንቺን ሳልጨምር ነው፤ ማድላት አታውቂበትም» አለ። እሷ ሳቅና እንባ ተቀላቀለባት፤ «ወግድ፣ ጎረምሳ!» ብላ ጀርባውን መታ አደረገችው።

ያ የደብተር ገጽ ከማመልከቻው ጋር አባሪ ሆኖ ተያያዘ። ከመዝጊያው ቀን ሁለት ቀን ቀድመን አስገባን።

ከሁለት ወር በኋላ ከፈንዱ አንዲት ገምጋሚ ሴት ቦታውን ልታይ መጣች። ከንቲባው ንግግር አዘጋጅተው ነበር። ሴትዮዋ በትሕትና አዳመጠቻቸውና «እነዚህን ማስታወሻዎች የጻፈው ሰው አለ?» አለች። እትዬ መዝገብን ከምድር ቤት አስጠሯት። በሥራ ካፖርቷ፣ እጇ አቧራ እንደያዘ መጣች። ገምጋሚዋ በጀርባው መንገድ አብራት ሄደች። ከኋላቸው ስለነበርኩ የሰማሁት ጥቂት ነው። «በዝናብ ጊዜ ጫማቸውን ያወለቁት ሃያ ሁለት ናቸው ብለዋል፤ ለምን ቆጠሯቸው?» ስትላት፣ እትዬ መዝገብ «ካላወለቁት መሀል ውሃ ጫማው የገባበትን መለየት ስላልቻልኩ ነው። እርግጠኛ የሆንኩትን ብቻ ነው የጻፍኩት» አለቻት። ሴትዮዋ ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች።

ተሰጠን። የጠየቅነው ሁሉ አልነበረም፤ የመጸዳጃ ቤቱ ሥራ ለቀጣይ ዙር ተላለፈ፤ ጥላውም የታሰበው ግማሽ ሆነ። ቦዩና መንገዱ ግን ሙሉ በሙሉ ጸደቁ። ደብዳቤው የደረሰ ዕለት ኃላፊያችን ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ምድር ቤት ወርዶ ለእትዬ መዝገብ ራሱ አነበበላት። «ተመስገን» ብላ ደብዳቤውን ተቀበለችና ገቢ ቁጥር ጻፈችበት።

ሥራው አሥራ አንድ ወር ፈጀ። ወንድሟ መጋዘኑ ውስጥ ሲያማርር ከርሞ በዕጣው የሆስፒታሉ በር ጎን ደረሰው። ቦታው ጠባብ ነው፤ ከሰዓት በኋላም ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታዋለች። አስታማሚ ግን ጊዜ አለውና ተቀምጦ ያወራዋል፤ ሰማንያ ስምንቱ ዛሬ ከመቶ በላይ ሳይሆን አይቀርም።

እትዬ መዝገብ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጣች። በሽኝቷ ላይ ተናገሪ ተብላ ሦስት ሰው ብቻ አመሰገነች፦ ሽማግሌውን ሹም፣ «ይቅርታ ማለት ለሚችል አለቃ» ብላ ኃላፊያችንን፣ ወንድሟንም «እሱን ለማሳደግ ስል ሰው ሆንኩ» ብላ። ወንድሟ ከኋላ ወንበር ላይ መሐረቡን ፍለጋ ኪሱን ሁሉ ሲዳብስ አየሁት።

እኔ ዛሬ የሌላ ከተማ ፕላን ክፍል ኃላፊ ነኝ። ንድፍ ይዞ የሚመጣብኝ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ ከእኔ የሚሰማው ጥያቄ «ሄደህ ተቀምጠሃል?» የሚል ነው። ይኼን ዩኒቨርሲቲ አላስተማረኝም።

ባለፈው ወር ልጠይቃት ሄጄ ነበር። አንድ ዓይኗን ሞራ ሸፍኖት ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ነበራት። አብሬያት ሆስፒታል ልሄድ አውቶቡስ ተራው ላይ ስንወርድ ክንዷን ልይዛት እጄን ዘረጋሁ።

«ተይኝ እስቲ» አለች። «መንገዱ ደልዳላ ነው። ይልቅ ፊት ፊት እየሄድሽ ማን ማን እንዳለ ንገሪኝ፤ ሰላምታ ሳልሰጥ እንዳላልፍ።»

የጀርባው መንገድ ሰው በሰው ላይ ነበር። በዚያ ቀን ማናችንም አልቆጠርንም። ልብስ ሰፊው፣ ሰዓት ሠሪው፣ ከጫፍ ደግሞ ወስፌውን አስቀምጦ የተነሳው ወንድሟ። እየነገርኳት፣ እየሳመቻቸው፣ ቀጠሮው ሩብ ሰዓት አለፈን።